የፓሽን ሐረግ ደሴ ላይ፦ ሁለት ገድዬ፣ ከአንዱ ጋር ተጣልቼ የተማርኩት

ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ በረንዳዋን ከፀሐይ የሚጋርድላት ሐረግ አላት። ፓሽን ፍሩት ነው፣ ቢጫው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ልጠይቃት ወርጄ ከሥሩ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ አንድ ፍሬ ጠብ አለ። ማንም አልቀጠፈውም። አክስቴ አንስታ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው፣ ለሁለት ከፈለችውና ከማንኪያ ጋር ሰጠችኝ። ከዚያች ማንኪያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ የሆነው ሁሉ የኔው ጥፋት ነው።

ይህን የምጽፈው ግቢያቸው ውስጥ ይህን ሐረግ ለመትከል ለሚያስቡ፣ በተለይ ደሴና አካባቢዋ ላሉ ሰዎች ነው። አበባው ያሳብዳል። አንዴ ያየ ሰው ሳይተክል አያርፍም። እኔም የትኛው ዝርያ ለየትኛው ግቢ እንደሚሆን ሳልጠይቅ ዘልዬ ገባሁበት።

የዚያን ቀን ስድስት ፍሬ በፌስታል ይዤ የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። ቤት እንደደረስኩ ዘሩን ከጭማቂው አጥቤ፣ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ አፈር ሞልቼ ዘራሁት። ትኩስ ዘር ስለነበር በሦስተኛው ሳምንት ብቅ አለ። (ደርቆ የከረመ ዘር ከሆነ ግን ከወር በላይም ሊቆይ ይችላል፤ ሞተ ብላችሁ አፈሩን አትድፉት።) ክረምቱን ቀስ እያለ አደገ። ጥቅምት ላይ ወገቤ ደርሶ ነበር። ለጎረቤቱ ሁሉ "የሚቀጥለው ዓመት ጁስ ከኔ ቤት ነው" እያልኩ ነበር የከረምኩት።

ህዳር አጋማሽ አንድ ጠዋት ስነሳ ሳሩ ነጭ ለብሷል። ሮጬ ሐረጉን አየሁት። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ቀጥ ብሏል። ተመስገን አልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲያገኘው እንደተቀቀለ ጎመን ዝልፍልፍ አለ። ማታ ጠቁሮ ነበር። ባለቤቴ "ውሃ ጠምቶት ነው" አለና በባልዲ አጠጣው። በማግሥቱም ደገመው። ውርጭ የመታው ተክል ላይ ውሃ መድፋት ሥሩን ማበስበስ መሆኑን ያኔ አናውቅም ነበር።

ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ ቢራራቁ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከፍታ ግን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። በየ100 ሜትሩ የ0.6 ዲግሪ ያህል ብርድ ይጨምራል ብላችሁ አስሉት። አራት ዲግሪ ገደማ ይመጣል። አራት ዲግሪ ለሰው አንድ ጋቢ ነው። ለቢጫው ፓሽን ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ቢጫው የቆላ ልጅ ነው፤ ሙቀት ይወዳል፣ ውርጭ አይችልም። ሐምራዊው ከሱ ይልቅ ብርድ ይችላል። ሁለቱም በዘራቸው አንድ ናቸው፣ አገራቸውም ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ጠባያቸው ነው የተለያየው። ልክ እንደ ደሴና እንደ ኮምቦልቻ ሰው ልበል? (የኮምቦልቻ ዘመዶቼ ይህችን እንዳያዩብኝ።)

ሐምራዊ የሚባል መኖሩን ከሰማሁ በኋላ በ2012 በልግ ችግኝ ወደሚሸጥበት ሄድኩ።

"ሐምራዊ ፓሽን አለ?"

"አለ እህቴ፣ ያውም አበባው የሚያምር።"

ስለ አበባው አልዋሸም። ሻጩ አውቆ ያታለለኝም አይመስለኝም፤ እሱም የነገሩትን ስም ነው የነገረኝ። ግን የሸጠልኝ የሚበላው ፓሽን አልነበረም። ለአበባው ተብሎ የሚተከለው ሰማያዊው ነበር። ያኔ ቅጠሉን ብቆጥር ኖሮ ዓመት ተኩል አይባክንብኝም ነበር።

ስለዚህ እናንተ ቅጠሉን ቁጠሩ። የሚበላው ፓሽን፣ ሐምራዊም ሆነ ቢጫ፣ ቅጠሉ ሦስት ጣት ነው፤ ጠርዙም እንደ መጋዝ በጥቃቅን ጥርስ የተከበበ ነው። ሰማያዊው አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጣት አለው፣ ጠርዙ ልሙጥ ነው። ጨቅላ ችግኝ ከሆነ ግን የሚበላውም ቅጠሉ ሳይከፋፈል ድፍን ሆኖ ስለሚወጣ እንዳትሸወዱ፤ በርከት ያለ ቅጠል ያወጣውን ምረጡ። ሐምራዊውን ከቢጫው ለመለየት ደግሞ ለጋ ግንዱንና የሚጠመጠምበትን ክር እዩ። ቢጫው ላይ ቀላ ያለ ነገር ይታያል፣ ሐምራዊው አረንጓዴ ነው። ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉ ሰፊና ድፍን ከሆነ ትልቁ ግራናዲላ ነው። ፍሬው የሕፃን ጭንቅላት ያክላል፤ ግን የሞቃት አገር ተክል ስለሆነ ደሴ ላይ አታስቡት።

በ2013 በሰሙነ ሕማማት የሰማያዊው የመጀመሪያ አበባ ፈነዳ። አጋጣሚው ገረመኝ፤ የአበባው ስም ራሱ ከሕማማት የመጣ ነው። ስሙን ያወጡለት ደቡብ አሜሪካ የሄዱ የስፔን ሚሲዮናውያን ናቸው። ዙሪያውን ያለውን ክር የእሾህ አክሊል፣ የአበባ ዱቄት የተሸከሙትን አምስቱን ዘንጎች አምስቱ ቁስሎች፣ ከላይ ያሉትን ሦስት ቀንዶች ሦስቱ ችንካሮች አሏቸው። አሥሩ የአበባ ቅጠሎች ደግሞ ከይሁዳና ከጴጥሮስ በቀር ያሉት ሐዋርያት ናቸው። ይህን ለባለቤቴ እናት ሳጫውታቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉና አበባውን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ።

"ሦስት ችንካር ማን አላቸው? ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። አምስት ነው። ይኸው አምስቱ!" ብለው ዱቄት የተሸከሙትን አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም የምቆጥረው እንደሳቸው ነው።

ፍሬውም መጣ። እንቁላል የሚያክል፣ ብርቱካናማ፣ ዓይን የሚስብ። ከፈትኩት። ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ቀይ ነገር የለበሰ ጥቂት ዘር አለው፤ ጣዕም የሚባል አልፈጠረበትም። ልጆቼ አንዴ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና ለወፍ ተዉት።

ያም ባልከፋ። ችግሩ ሥሩ ነው። ሰማያዊው ከሥሩ ይፈለፈላል። ከተተከለበት ሦስት ሜትር ርቆ ጎመን መደቤ መሃል ብቅ አለ። ቆረጥኩት፣ በሁለት ሆኖ መጣ። ከዚያ በአጥር ሥር አልፎ ጎረቤት ገባ። ከአጥር ወዲያ ያሉት እትዬ መጀመሪያ በጨዋ ደንብ "ልጄ፣ ያንቺ ሐረግ ልብስ ማስጫዬ ሥር ወጥቷል" አሉኝ። ሁለተኛ ጊዜ "ሲሚንቶዬን ሰነጠቀው" አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ግን ነቅለው በእጃቸው ይዘውት ነው የመጡት። ምንም ሳይናገሩ በሬ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። ያ ዝምታ ከስድብ ይብሳል። ለጥቂት ወራት ቡና መጠራራት ቀረ።

አበባውን ብቻ ፈልጋችሁ ሰማያዊውን ከመረጣችሁ፣ ምርጫው መጥፎ አይደለም። ደሴን የሚችል እሱ ነው። ግን መሬት ላይ አትልቀቁት። ትልቅ በርሜል ቆርጣችሁ፣ ታቹን በስታችሁ፣ እዚያ ውስጥ ትከሉት። ከጎረቤት ጋር መኖር አለ።

ጥቅምት 2014 ከተማዋን ለቀን ስንወጣ ስለ አትክልት ያሰበ ሰው አልነበረም። ታህሳስ ስንመለስ በጣሳና በባልዲ የነበረኝ ሁሉ ደርቋል። ቤቱን ስላገኘንበት ሁኔታ እዚህ አላወራም። ያ ሰማያዊ ሐረግ ግን ማንም ውሃ ሳይሰጠው፣ ውርጩን ችሎ፣ በተሰበረው መስኮት ፍሬም ላይ ተጠምጥሞ ቆየኝ። እትዬም ከሄዱበት ተመልሰው ነበር። በአጥሩ ላይ አሻግረው አዩት።

"እሱስ ይኑር" አሉ።

ከተመለስን ጀምሮ ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩ።

እውነተኛውን ሐምራዊ ያገኘሁት በዚያው ዓመት ነው። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የተጨማደዱ ሐምራዊ ፍሬዎች ይዛልኝ መጣች። የተጨማደደ ስታዩ "ያረጀ ነው" ብላችሁ አትለፉት፤ ቆዳው ጨምደድ ሲል ነው የሚጣፍጠው። ዘሩን አውጥቼ ዘራሁ፣ የመጀመሪያውን ውርጭ ቤት ውስጥ መስኮት ሥር አሳለፍኳቸው። የበረታውን በ2015 በልግ መሬት ላይ አወረድኩት፣ አንዱን ለመጠባበቂያ በባልዲ አስቀረሁ። ያ መጠባበቂያ ነው ያዳነኝ። ምንጊዜም አንድ አስቀሩ።

ምክንያቱም የመጀመሪያውን በገዛ እጄ ገደልኩት። ሦስት ጥፋት አከታትዬ ሠራሁ። አንደኛ፣ "ውሃ ያገኛል" ብዬ የግቢው ዝቅተኛ ጥግ ላይ ተከልኩት። ሁለተኛ፣ ጉድጓዱን በፍግ ሞላሁት። ቅጠሉ መዳፌን አከለ፣ እኔም ኩራቴ ሌላ ሆነ፤ ፍግ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ እያሳበጠ አበባ እንደሚረሳ የነገረኝ የለም። ሦስተኛ፣ ሐምሌ ላይ አረም ልነቅል ብዬ ሥሩን በዶማ ኮተኮትኩት። የፓሽን ምግብ የሚስቡ ሥሮች ከላይ፣ ከአፈሩ ገጽ ሥር ነው የሚንሰራፉት። በዶማ ስኮተኩት ሥሩን ነው የቆራረጥኩት። ከዚያ የነሐሴ ዝናብ መጣ፣ ያ ጥግ ኩሬ ሆነ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠወለገ። ግንዱ ከአፈር የሚገናኝበትን ቦታ በጥፍሬ ስነካው ቅርፊቱ እንደ ረጠበ ወረቀት ተላቀቀ፣ ውስጡ ቡናማ ሆኗል። እዚያ የደረሰ አይድንም። ነቅዬ አቃጠልኩት፣ እዚያ ቦታ ላይም ድጋሚ ፓሽን አልተከልኩም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኮምቦልቻ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። የአክስቴ ሐረግ ማፍራት አቆመ። አበባ በአበባ ነው፣ ፍሬ ግን የለም። አበባው አንድ ቀን ይውላል፣ ጭብጥ ይልና በማግሥቱ ጠብ ይላል።

"ዓይን ነው" አለች አክስቴ። "የመጣ ሁሉ ማሻአላህ ሳይል እያደነቀው።"

እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝና "አንድ ሐረግ ስለሆነ ነው፣ እንጨምርለት" አልኳት። ግማሹ ትክክል ነበር። ከራሱ ሐረግ ሦስት ቁራጭ ወስጄ ሥር አስይዤ አጠገቡ ተከልኩላት። ጸደቁ፣ አደጉ፣ አበቡ። ፍሬ ግን አሁንም የለም። ሌላ አንድ ዓመት አለፈ።

ነገሩ የገባኝ ስለ ዝርያዎቹ በደንብ ማንበብ ስጀምር ነው። ሐምራዊው ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል፣ ብቻውን ያፈራል። ቢጫው አይችልም። የራሱን ዱቄት አይቀበልም፤ የሌላ ሐረግ ዱቄት ይፈልጋል። ከራሱ ተቆርጦ የተተከለ ደግሞ ሌላ ሐረግ አይደለም፣ ያው እሱ ነው። እኔ የጨመርኩላት ሦስት ጊዜ ያንኑ አንድ ሐረግ ነበር። ታዲያ በፊት እንዴት ያፈራ ነበር? ስልክ ደወልኩ።

"አክስቴ፣ ጎረቤትሽ ፓሽን ነበራቸው እንዴ?"

"ነበራቸው እንጂ። ቤት ሊያስፋፉ ብለው ቆረጡት።"

"መቼ?"

ዝም አለች። ከዚያ ሳቋን ሰማሁ። "ወላሂ፣ እሱ ከተቆረጠ ወዲህ ነው!"

ስለዚህ ቢጫ የምትተክሉ የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ከሁለት የተለያየ ቦታ ከመጣ ፍሬ ዘር ውሰዱ፣ ሁለት ሐረግ ትከሉ። ለአክስቴ አንድ ጁስ ቤት ገብቼ ከሌላ ቦታ የመጣ ቢጫ ፍሬ ለምኜ፣ ዘሩን አብቅዬ አጠገቡ ተከልኩላት። ሁለቱን ሦስት ሜትር ያህል አራርቁ፤ ላይ ሲደርሱ ይገናኛሉ።

ሌላም ነገር ነበር። የአክስቴን በረንዳ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች የምትበሳ ትልቅ ጥቁር ንብ አለች፤ ድምጿ እንደ ሞተር የሚያጉረመርም። አክስቴ ጉድጓዷን በሲሚንቶ ስትደፍን ነው የኖረችው። ያቺ ንብ ግን የፓሽን ዋና አዳቃይ ናት። የማር ንብ ትንሽ ናት፤ ከታች ዱቄቱን ለቅማ ስትሄድ ላይ ያሉትን ቀንዶች አትነካቸውም። ትልቋ ግን ጀርባዋ ዱቄት ተነክሮ ቀንዶቹን እየታከከች ነው የምታልፈው። አሁን አክስቴ ደረቅ ግንድ ከጣራው ሥር ሰቅላላታለች። ቋሚውን ትታ ግንዱን ትብሳ ነው ነገሩ። እስካሁን ሁለቱንም ትበሳለች።

ንብ ካልመጣ በእጅ ይሆናል። ሰዓቱን ግን ዕወቁ። ሐምራዊው ጎህ ሲቀድ ይከፈትና እኩለ ቀን አካባቢ ይዘጋል። ቢጫው ተቃራኒው ነው፤ ስድስት ሰዓት አካባቢ ይከፈትና እስከ ማታ ይቆያል። አበባው እንደተከፈተ ሦስቱ ቀንዶች ወደ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ቆይተው ቀስ እያሉ ወደ ታች ይታጠፋሉ፣ ዱቄት የተሸከሙት አጠገብ ድረስ ይወርዳሉ። ጊዜው ያኔ ነው። በትንሽ የሥዕል ብሩሽ፣ ከሌለም በጣታችሁ ጫፍ፣ ዱቄቱን ወስዳችሁ ሦስቱንም ቀንዶች ቀቡ። ቢጫ ከሆነ ዱቄቱ ከሌላኛው ሐረግ መምጣቱን እንዳትረሱ። አበባው በዝናብ ከራሰ ዱቄቱ ዋጋ የለውም፣ አትድከሙ። አክስቴ ዙሁር ሰግዳ የልጅ ልጇን ብሩሽ ይዛ ትወጣለች። ዓይን ያለችውን ረስታዋለች፤ ወይ ደግሞ አልነግር ብላኝ ነው።

አሁን ወደ ደሴ ልመለስ፤ ሐምራዊው በመጨረሻ እንዴት እንደሆነ።

ባልዲ ውስጥ ያስቀረሁትን በ2016 በልግ ከመትከሌ በፊት አንድ ሥራ ሠራሁ፤ ግቢዬን አየሁ። በህዳርና በታህሳስ በጠዋት እየተነሳሁ ውርጩ የት የት እንደሚያርፍ ተመለከትኩ። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ከጦሳ ተራራ በኩል እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል። የብሎኬት አጥር ሲያገኝ ይቆማል፣ እዚያ ይተኛል። ያ የታችኛው ጥጌ፣ ቢጫው የደረቀበት፣ ሐምራዊው የበሰበሰበት፣ የብርድ ገንዳ ነበር ማለት ነው። ከቤቱ በስተደቡብ ያለው ግድግዳ ሥር ግን ውርጭ አልነበረም። በእነዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ያ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ውሎ ሌሊት ሙቀቱን ይሰጣል። እጄን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አሳረፍኩበት። ለብ ይላል። ቦታው ይኸ ነው አልኩ።

አፈሩን ከፍ አድርጌ እንደ ጉብታ ሠራሁት፣ ውሃ እንዳይተኛበት። የበሰለ ኮምፖስት ትንሽ ብቻ ቀላቀልኩ። ላዩን በገለባ አለበስኩት፣ ግንዱን ሳላስነካ። አረም ሲወጣ በእጄ ነው የምነቅለው፤ ዶማ እዚያ አይደርስም። ባለቤቴ ከግድግዳው እስከ አጥሩ ሦስት ረድፍ ሽቦ ወጠረ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ነው፣ እጅ የሚደርስበት። የመጀመሪያውን ህዳር ማታ ማታ አሮጌ አንሶላ እያለበስኩ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ እየገፈፍኩ አሳለፍኩት። ውርጭ ሊመጣ ያሰጋ ቀን በቀትር አፈሩን ትንሽ ማጠጣትም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ የበለጠ ሙቀት ይይዛል።

የምገርዘው በየካቲት መጀመሪያ፣ ውርጩ ካለፈ በኋላ ነው። ፓሽን የሚያብበው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ካልተገረዘ እየገረጀፈ ይሄዳል። በህዳር አትግረዙ፤ የሚወጣውን ለጋ ውርጭ ይበላዋል። መቁረጫችሁንም ከሐረግ ወደ ሐረግ ስትሄዱ አጽዱት። ፍሬውን የሚያደነድን የቫይረስ በሽታ አለ፤ በመቁረጫም በክሽክሽም (ቅጠል የምትመጥ ትንሽ ተባይ ናት) ይተላለፋል፣ መድኃኒት የለውም።

በ2017 አፈራ። መጀመሪያ አሥራ አንድ። ከአበባ እስከ ፍሬ ኮምቦልቻ ሁለት ወር ተኩል ገደማ የሚፈጀው እኔ ቤት ከሦስት ወር አለፈ። ደሴ ለሐምራዊውም ጫፍ ናት፣ እንደ ወይና ደጋ አትጠብቁ። ሐረጉም ዘላለማዊ አይደለም፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደክማል። ተተኪውን አሁኑኑ በባልዲ አብቅያለሁ።

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ብርድ የሚወዱ ሌሎች ዝርያዎች አሉ፤ የአንዲስ ተራሮች ጣፋጩ ግራናዲላ፣ ሮዝ አበባና ሙዝ የመሰለ ፍሬ ያለውም አለ። ይህ ሙዝ መሰሉ ለደሴ ሳይስማማ አይቀርም፤ የሚያስፈራኝም እሱው ነው። ሃዋይ ላይ አምልጦ ጫካ አልብሶ ዛፍ የሚያንቅ አረም ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ "ዘር ላምጣልሽ?" ሲለኝ እንቢ ብያለሁ። በሰማያዊው የደረሰብኝ ይበቃኛል። ሁለተኛው፣ አንዲት ወዳጄ "ቅጠሉ እንቅልፍ ያመጣል አሉ፣ አፍልቼ ልጠጣው" ብላኝ ነበር። ለዚያ የሚሸጠው ሌላ ዝርያ ነው፣ ኢንካርናታ ይባላል። ግቢያችን ያሉት ቅጠላቸውም ጥሬ ፍሬያቸውም ሲያናይድ የሚባል መርዝ የሚፈጥር ነገር አላቸው። አታፍሉት፣ ልጆችም ያልበሰለውን እንዳይበሉ ተቆጣጠሩ። ራሱ እስኪወድቅ ጠብቁ።

ስለ መውደቅ ካነሳሁ፣ ሐምራዊው ዘንድሮ ሽቦውን ጨርሶ አጥሩን ተሻግሯል። ሊቆረጥ ይገባ ነበር። ለእትዬ ነገርኳቸው፣ "ተይው" አሉኝ። በየጠዋቱ ልብስ ማስጫቸው ሥር የወደቀውን እየለቀሙ ጉያቸው ውስጥ ሲከቱ በመስኮት አያቸዋለሁ። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተገናኘንና "እትዬ፣ ለኔም አንድ ሁለት አይተርፍም?" ብዬ ቀለድኩ።

"ይህ የሲሚንቶዬ ካሳ ነው" አሉኝ።